ግማሽ ፋክቶሪያል ስትተነትኑ የተደራረበውን አትርሱ

4 ፋክተሮችን (ውጤቱን ይለውጣሉ የምንላቸውን ነገሮች) እያንዳንዳቸውን በ2 ደረጃ፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ፣ ለመፈተሽ ሙሉው ፋክቶሪያል፣ ማለትም ሁሉንም ጥምረቶች መሞከር፣ 16 ሙከራ ይጠይቃል። ጊዜና ጥሬ ዕቃ ለመቆጠብ ብዙዎቻችን ግማሹን፣ 8ቱን ብቻ እንሠራለን። ጥሩ ነው፤ ግን ሶፍትዌሩን ከመክፈታችሁ በፊት የትኛው ተጽዕኖ ከየትኛው ጋር እንደተደራረበ (ተቀላቅሎ ለብቻው እንደማይለይ) ወረቀት ላይ ጻፉ።

ፋክተሮቹ ሙቀት፣ ግፊት፣ ፍጥነትና ጊዜ ናቸው እንበል፤ በሙከራው ሠንጠረዥ ከፍተኛው ደረጃ የ+፣ ዝቅተኛው የ− ምልክት ሲኖረው፣ የጊዜ ዓምድ የተሞላው የሌሎቹን ሦስቱን ምልክት በማባዛት ነው። ያኔ የሙቀትና የግፊት መስተጋብር (የአንዱ ተጽዕኖ በሌላው ደረጃ መለዋወጡ) ከፍጥነትና ከጊዜ መስተጋብር ጋር አንድ ዓምድ ይሆናል። ሶፍትዌሩ «ሙቀት በግፊት» ብሎ ትልቅ ቁጥር ቢያወጣ፣ ያ ቁጥር የሁለቱ ድምር ነው። እባካችሁ ስሙን ብቻ አይታችሁ ማሽኑን አታስተካክሉ! የሙቀትና የግፊት ዋና ተጽዕኖ ጎልቶ የሌሎቹ ሁለቱ ኢምንት ከሆነ ወደ መጀመሪያው ማዘንበል ያስኬዳል፤ ማረጋገጫ ግን አይሆንም።

ለማረጋገጥ የአንዱን ፋክተር ምልክት ብቻ ገልብጣችሁ ሌላ 8 ሙከራ ጨምሩ። የአራቱንም ብትገለብጡ የምትደግሙት ያንኑ 8 ነው፤ እዚህ ላይ መሳሳት በጣም ቀላል ነው። ሁለተኛው ዙር በሌላ ቀን ከሆነ ቀኑን እንደ ብሎክ ያዙት፤ ማለትም በቀናቱ መካከል ያለውን ልዩነት በትንተናው ለይታችሁ አውጡ።

ድግግሞሽ ከሌለ ደግሞ 8 ሙከራ 7 ተጽዕኖ ገምቶ ያልቃል፤ ለስህተት ግምት የሚተርፍ የለም፣ ፒ-ቫሊውም (ውጤቱ በአጋጣሚ ብቻ የመገኘት ዕድሉን የሚለካው ቁጥር) አይወጣም። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ኩትበርት ዳንኤል በ1959 እ.ኤ.አ. ያቀረበውን የግማሽ ኖርማል ግራፍ (የተጽዕኖዎቹን መጠን ያለ ምልክታቸው በቅደም ተከተል የሚያሳይ) ሥሩ፤ ከዜሮ በሚነሳው መስመር ላይ የተደረደሩትን ተዉና ርቀው የወጡትን ተከታተሉ።