«ዌይት ሚ» እንዴት ቀረ

እህቴ ፋሲል ግቢ አስጎብኚ ልትሆን ትለማመዳለች። እንግሊዝኛዋ ሸጋ ነው፤ ያስቸገረቻት ከግሱ ኋላ የምትመጣው ትንሿ ቃል ነበረች። «ጠብቁኝ» በአማርኛ ምንም አያስከትልም፤ ስለዚህ «ዌይት ሚ» ትላለች። «ስለ ግንቡ እንወያይ» ግን «ስለ» አለው፤ እሱን ይዛ «ዲስከስ አባውት» ትላለች። ፈረንጁ ግን ተቃራኒውን ነው የሚለው፦ «ዌይት ፎር ሚ»፣ «ዲስከስ ዘ ካስል»።

ረጅም ዝርዝር መሸምደድ ወፍ የለም። የሠራው ሁለቱ ቋንቋዎች የማይገጥሙባቸውን ግሶች ብቻ መርጦ፣ በሥራዋ በምትናገረው ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው። «ዊ አራይቭድ ኢን ጎንደር»፤ በሩ ጋ ሲሆን «አት ዘ ጌት»። «ዲፔንድ ኦን»ን ዘለልነው፤ እኛም «ላይ ይወሰናል» ስለምንል ራሱ ይመጣል።

አሁን የቀራት «ሜሪድ ቱ» ነው። እቴጌ ምንትዋብን ከአፄ በካፋ ጋር በ«ዊዝ» ማጋባቷን አልተወችም።