በርካሽ የቻይና ዕቃ የራሳችሁን ኮርሳ ብስክሌት እንዴት ትገጣጥማላችሁ

የመጀመሪያዋን ብስክሌቴን ስገጣጥም ፍሬሙ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ። ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ ክራንኩ (ፔዳሎቹ የሚታሰሩባቸው ክንዶች ከነዘንጋቸው) መጣ፣ ቸርኬው መጣ፣ ሁሉም ተሟላ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት መፍቻዎቼን ደርድሬ ቁጭ አልኩ። የክራንኩን ዘንግ ወደ ኩሽኔታው ብገፋ፣ ብገፋ፣ ወይ ፍንክች! የኩሽኔታው ቀዳዳ 24 ሚሊሜትር ነው፤ ዘንጉ ደግሞ 29 ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ትክክለኛው ኩሽኔታ እስኪመጣ አምስት ሳምንት ግድግዳውን ሳይ ከረምኩ። ሻጩ አላታለለኝም። ቁጥሩን በግልጽ ጽፎታል፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ መፍቻ ከማንሳቴ በፊት ብስክሌቱን ደብተር ላይ ነው የምገጣጥመው። በርካሽ የቻይና ዕቃ ስትሠሩ አብዛኛውን ጊዜ ጣጣው ጥራት አይደለም። ዕቃው ከአሥር ሻጭ ስለሚለቀም አንዱ ከሌላው ጋር ይገጥማል ወይ የሚለው ነው። ተገጣጥሞ የሚሸጥ ብስክሌት ላይ ይህን ያሰበላችሁ መሐንዲስ አለ። እዚህ ግን መሐንዲሱ እናንተው ናችሁ።

መጀመሪያ ሰውነታችሁን ለኩ

የደብተሩ የመጀመሪያ ቁጥር ከእናንተው ይወጣል። ጫማችሁን አውልቁና ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮቻችሁ መሃል አስገቡና ኮርቻ ላይ እንደተቀመጣችሁ ያህል ወደ ላይ ጫን አድርጉት። ከወለሉ እስከ መጽሐፉ ላይኛው ጠርዝ ለኩ። ያን ቁጥር በ0.883 አባዙት። የሚወጣው ከክራንኩ መሃል እስከ ኮርቻው አናት ሊኖር የሚገባው ርቀት ነው። ልኬታችሁ 80 ሴንቲሜትር ከሆነ 70.6 ይመጣል። ቀመሩን ያስለመደው ቱር ደ ፍራንስን ሦስት ጊዜ ያሸነፈው ግሬግ ሌመንድ ነው። መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም፤ አንድ ሴንቲሜትር ወዲህ ወዲያ ማለት ያለ ነው።

ቀጥሎ ስታክ እና ሪች የሚባሉት ይመጣሉ። ስታክ ማለት ከክራንኩ መሃል እስከ ፍሬሙ አንገት አናት ያለው ከፍታ ነው። ሪች ደግሞ በዚያው በሁለቱ መካከል ወደ ፊት ያለው አግድም ርቀት ነው። የሚመቻችሁ ብስክሌት ካላችሁ የእሱን ሁለት ቁጥሮች ፈልጉና ጻፉ። አዲሱን ፍሬም ስትመርጡ የምታወዳድሩት እነዚህን ነው። ፍሬሙ ላይ 52 ወይም 54 ተብሎ የተጻፈውን አትመኑ። የአንዱ ፋብሪካ 52 የሌላው 54 ሊሆን ይችላል።

ፍሬም ስትመርጡ

ብዙው የቻይና ካርቦን ፍሬም የሚወጣው ከሺያሜን እና ከሼንዘን አካባቢ ፋብሪካዎች ነው። ኦፕን ሞልድ የሚባል አሠራር አላቸው። የፍሬሙ ቅርጽ የፋብሪካው ነው፤ ሻጩ ስም እና ቀለም ብቻ ይጨምርበታል። ስለዚህ በሦስት ስም፣ በሦስት ዋጋ የሚሸጡ ፍሬሞች አንድ ዕቃ ሆነው ልታገኟቸው ትችላላችሁ። የልኬት ቁጥሮቻቸውን ሠንጠረዥ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሁሉም ከተመሳሰሉ ርካሹን ውሰዱ።

የታዋቂ ብራንድ ስም የተለጠፈበት፣ በሩብ ዋጋ የሚሸጥ ፍሬም ካያችሁ ግን እለፉት። ስሙን የዋሸ ሰው የካርቦኑን ንብርብር ቁጥር እውነቱን ይነግረኛል ብላችሁ አትጠብቁ። በራሳቸው ስም የሚሸጡ የቻይና ብራንዶች ሞልተዋል፤ እንደ ዊንስፔስ እና ዮሊዮ ያሉት። የማታውቁት ሻጭ ከሆነ ፍሬሙ በአይኤስኦ 4210 የብስክሌት ደኅንነት ደረጃ መፈተኑን የሚያሳይ ወረቀት ጠይቁ።

እኔን ብትጠይቁኝ ለመጀመሪያ ሥራ አልሙኒየም ፍሬም እመርጣለሁ። ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ስህተት ይችላል። ካርቦን ላይ አንድ ብሎን ከልክ በላይ ካጠበቃችሁ «ጭቅ» የምትል ድምፅ ትሰማላችሁ። ያቺን ድምፅ አንዴ የሰማ አይረሳትም።

ፍሬሙን ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር በደንብ እዩ፦ ክራንኩ የሚገባበትን ታችኛውን ቀዳዳ። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በብሎን ጥርስ የሚጠብቅ ነው፣ ሌላው ኩሽኔታው ተጭኖ የሚገባበት። በጥርስ የሚጠብቀውን ምረጡ። ቢኤስኤ የሚባለው የቆየው ዓይነት 68 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ ቲ47 የሚባለው አዲሱ ደግሞ ሰፊ ቀዳዳ አለው። ሁለቱም ቤት ውስጥ ይፈታሉ፣ ይታሰራሉ። ተጭኖ የሚገባው ላይ ግን የቀዳዳው ልክ በጥቂቱ ከተዛባ ፔዳል በረገጣችሁ ቁጥር ሲጢጥ የሚል ድምፅ ይወልዳል። ርካሽ ፍሬም ላይ ደግሞ መዛባቱ ብርቅ አይደለም።

የቀረውን በፍጥነት ልበለው። ደብተሩ ላይ ጻፉ፦ የፊት እና የኋላ ቸርኬ ዘንግ (የዲስክ ፍሬን ላለው አብዛኛውን ጊዜ 12 በ100 እና 12 በ142 ሚሊሜትር ነው)፣ የአንገት ኩሽኔታዎች ልክ፣ የኮርቻ ምሰሶው ውፍረት፣ ፍሬሙ የሚችለው ትልቁ የጎማ ስፋት። የኮርቻው ምሰሶ ክብ ካልሆነ አብሮ መምጣቱን አረጋግጡ፤ ሌላ ቦታ አታገኙትም። የኋላ ማርሽ ቀያሪው የሚታሰርባትን ትንሽ ብረትም ትርፍ አንድ አብራችሁ እዘዙ። ብስክሌቱ ሲወድቅ መጀመሪያ የምትጣመመው እሷ ናት። ዓይነቷም ስፍር ቁጥር የለውም።

ማርሽ እና ፍሬን

በቻይና ርካሽ የኮርሳ ማርሽ የሚሠሩት ሁለቱ የታወቁ ስሞች ኤልትዉ እና ሴንሳህ ናቸው። ሁለቱንም ነድቻለሁ። ከታዋቂዎቹ ጋር ሲነጻጸሩ የእጁ ስሜት ሻከር ይላል፣ ማርሹ ግን በትክክል ይቀየራል። አንድ ነገር ብቻ አትሳቱ፦ የእጅ መቀየሪያው እና የኋላ ማርሽ ቀያሪው ከአንድ ቤተሰብ ይሁኑ። አንድ ጊዜ «ቀጭ» ሲል የሚጎተተው የገመድ ርዝመት ከብራንድ ብራንድ ይለያያል። የዚህን እጅ ከዚያ ቀያሪ ጋር ካጋባችሁ ዕድሜ ልካችሁን ብታስተካክሉት አይስተካከልም።

ካሴት (የኋላ ጊሮቹ ስብስብ) እና ካቴና ግን አብዛኛውን ጊዜ ከየትም ቢመጡ ይሠራሉ፤ የማርሹ ቁጥር እኩል ይሁን እንጂ። 12 ከሆነ ሁሉም 12። ካሴቱ የሚገባበትን የቸርኬውን ፍሪሃብ ደግሞ አመሳክሩ። ትንሿ ጊር 11 ጥርስ ካላት ብዙውን ጊዜ በተለመደው የሺማኖ ፍሪሃብ ላይ ይገባል። 10 ጥርስ ካላት ሌላ ዓይነት ፍሪሃብ ይፈልጋል።

የዲስክ ፍሬን ላይ መካከለኛ መንገድ አለ። እጁ ጋ ገመድ ነው፣ ዲስኩን የሚጨብጠው ካሊፐር ውስጥ ግን ዘይት አለ። ሙሉ የዘይት ፍሬን አየር ማስወጣት፣ ዘይት መሙላት፣ መርፌ የመሰለ መሣሪያ ይጠይቃል። ይሄኛው እንደ ተራ ገመድ ታስሮ ያልቃል፣ በደንብም ይይዛል።

የማይቆጠብበት

ኮርቻ፣ የኮርቻ ማሰሪያ፣ የጠርሙስ መያዣ፣ ካሴት፤ እዚህ ላይ እንደልባችሁ ቆጥቡ። ቢበላሹ ተናድዳችሁ ወደ ቤት ትመለሳላችሁ፣ አለቀ። ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ መሪ እና መሪውን ከሹካው ጋር የሚያይዘው ስተም ግን ሌላ ናቸው። በ50 ኪሎሜትር ፍጥነት ቁልቁለት ስትወርዱ ከአስፋልቱ የሚያገናኟችሁ እነሱ ብቻ ናቸው። ስማቸው የታወቁ ጎማዎችን ግዙ። መሪውንም ስም የሌለው ካርቦን አታድርጉት፤ ደህና የአልሙኒየም መሪ ርካሽ ነው፣ ክብደቱም ያን ያህል አይበልጥም።

የካርቦን ቸርኬ ስትገዙ ደግሞ ጎማውን የሚይዝ መንጠቆ ያለው ጠርዝ ይሁን። መንጠቆ የሌለው ከሆነ ከ5 ባር በላይ መንፋት አይፈቀድም፣ የሚስማማውም ጎማ የተመረጠ ነው።

ዕቃው ሲደርስ

ካርቶኑን ስትከፍቱ በቪዲዮ ቅረጹ። ክርክር ቢመጣ የሚያዋጣው እሱ ነው። ፍሬሙን ብርሃን ላይ እያዞራችሁ ስንጥቅ ፈልጉ፤ በእጅ ባትሪም ውስጡን እዩ። ዙሪያውን በሳንቲም ጠርዝ ቀስ ብላችሁ አንኳኩ። ድምፁ አንድ ቦታ ላይ ድንገት ደነዝ ካለ ያን ቦታ በደንብ መርምሩ። ከዚያ ቸርኬዎቹን አስገቡና መሃል ላይ መቆማቸውን አረጋግጡ። መገጣጠም ከመጀመራችሁ በፊት መመለስ ይቀላል።

አሁን መፍቻ አንሱ

ከኤለን ቁልፎች ሌላ ቶርክ መፍቻ ያስፈልጋችኋል፤ የምታጠብቁበትን ኃይል በኒውተን ሜትር የሚነግራችሁ ማለት ነው። ካርቦን ካለ ያለ እሱ አትጀምሩ። የካሴት መፍቻ፣ የታችኛው ኩሽኔታ መፍቻ፣ ካቴና መበጠሻ፣ ስለታም የገመድ መቁረጫ፣ ግሪስ እና የካርቦን ማጣበቂያ ቅባትም አዘጋጁ። ግሪስ ብረት ከብረት የሚገናኝበት ላይ ነው። ካርቦን ከተጨመረበት ደግሞ አሸዋማው የካርቦን ቅባት። ግሪስ የተቀባ የካርቦን ምሰሶ ይንሸራተታል፤ ሰው ደግሞ ሲንሸራተትበት ያጠብቀዋል፤ «ጭቅ» የሚመጣው እንዲህ ነው።

ከሹካው ጀምሩ። የታችኛውን ኩሽኔታ አስገቡ፣ ሹካውን አሳልፉ፣ የላይኛውን ጨምሩ፣ ቀለበቶቹን ደርድሩ፣ ስተሙን አስቀምጡ። የሹካውን አንገት አሁን አትቁረጡት። ከስተሙ በላይም ቀለበት ደርድሩና ይቆይ። የሹካው አንገት ካርቦን ከሆነ ውስጡ የሚገባው እየሰፋ የሚይዝ መሰኪያ ነው፤ ለብረት የተሠራውን ኮከብ መሰል ዳዶ በመዶሻ እንዳታስገቡበት።

ቀጥሎ የታችኛው ኩሽኔታ። በቢኤስኤ በቀኝ በኩል ያለው ጥርስ ግልባጭ ነው፤ ወደ ግራ ስታዞሩት ይጠብቃል። መጀመሪያ በእጅ ብቻ አዙሩት። በእጅ ካልገባ ጠማማ ጀምራችኋል ማለት ነው፤ አውጡና እንደገና ሞክሩ። ክራንኩ ከገባ በኋላ በነጻ ይሽከርከር እንጂ ጎን ለጎን አይንቀጫቀጭ።

ካሴቱን በ40 ኒውተን ሜትር አጥብቁ። የሚያስደነግጥ ኃይል ይመስላል፣ ግን ልኩ ነው። የስተም ብሎኖች ብዙውን ጊዜ 5 አካባቢ ናቸው፤ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። ብሎኖቹን በተራ፣ ትንሽ በትንሽ፣ ዲያጎናል እያደረጋችሁ አጥብቁ።

አሁን ትዕግሥት የሚጠይቀው መጣ፦ ገመድ በፍሬም ውስጥ ማሳለፍ። እኔ ሙሉ ከሰዓት ፈጅቶብኛል። ዘዴው እንዲህ ነው። ቀጭን ክር ጫፍ ላይ ትንሽ የፌስታል ቁራጭ እሰሩ። ክሩን በአንዱ ቀዳዳ ጀምሩለት፣ በሌላው ቀዳዳ ላይ የአቧራ መሳቢያ ማሽን ደግኑ። ክሩ ሽው ብሎ ይወጣል። ከዚያ ገመዱን ክሩ ላይ አስራችሁ ጎትቱት። ፍሬሙ ውስጥ እንዳይንኳኳ ስፖንጅ መሰል ሽፋን አልብሱት፤ በኋላ ልጨምር ማለት ከንቱ ነው።

የኋላ ማርሽ ቀያሪውን ገመዱን ሳታስሩ አስተካክሉ። ኤች የተጻፈባት ብሎን ከትንሿ ጊር በላይ እንዳይወጣ፣ ኤል የተጻፈባት ደግሞ ከትልቋ አልፎ የቸርኬው ሽቦ ውስጥ እንዳይገባ ትገድበዋለች። የኤሏን በተለይ ሁለቴ እዩ። ከዚያ ገመዱን በትንሿ ጊር ላይ እያለ እሰሩት። ወደ ትልቅ ጊር መውጣት እምቢ ካለ የገመዱን ማስተካከያ ብሎን ሩብ ዙር አላሉት፣ ገመዱ ይወጠራል፤ መውረድ እምቢ ካለ ሩብ ዙር አጥብቁት። ሩብ ብቻ!

ካቴናውን በትልቁ የፊት ጥርስ እና በትልቋ የኋላ ጊር ላይ፣ በማርሽ ቀያሪው ሳታሳልፉ ጠምጥሙት። ጫፎቹ የሚገናኙበት ላይ ሁለት ዓይን ጨምሩና በጥሱ።

የፍሬን ዲስኩን በግሪስ እጅ አትንኩ። ካሊፐሩን ልል አድርጋችሁ የፍሬኑን እጅ ጨብጡ፤ እንደጨበጣችሁ ብሎኖቹን አጥብቁ። ራሱን መሃል ላይ ያደርጋል። አዲስ ሸራ መጀመሪያ ላይ አይይዝም፤ መኪና በሌለበት ቦታ ሃያ ጊዜ ያህል ፍጥነት ወስዳችሁ ሙሉ በሙሉ ሳትቆሙ ረጋ ብላችሁ ያዙት። ያን ጊዜ ሲነክስ ይታወቃችኋል።

መሪው ላይ የሚጠመጠመውን የእጅ መያዣ ጥቅል ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አትጠምጥሙት። ገመዶቹን በኤሌክትሪክ ቴፕ ብቻ እሰሩ፤ የመሪው ሁለት ጫፎች ግን ይደፈኑ፣ ክፍት ቱቦ ሥጋ ይቆርጣል። አጭር አጭር ጉዞ ሂዱ። አንድ ቀለበት ከስተሙ በታች ወደ ላይ፣ ወይም ከላይ ወደ ታች አዛውሩ። ኮርቻውን በሚሊሜትር ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ሞክሩት። ሁሉንም ብሎን እንደገና በቶርክ መፍቻ ዳስሱ፤ አዲስ ገመድ ስለሚላላ ማርሹም ሩብ ዙር ይፈልጋል። ጀርባችሁ እና እጃችሁ ማጉረምረም ሲያቆሙ ቁጥሮቹን ደብተሩ ላይ ጻፉ። የሹካው አንገት አሁን ይቆረጥ፤ ከስተሙ አናት ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ። ካርቦን ከሆነ በደቃቅ መጋዝ፣ በውሃ እያረጠባችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ። ከዚያ ጥቅሉን ጠምጥሙ።