ለነፍስ አድን ሠራተኞች የአቻ ድጋፍ በበጎ ፈቃድ መስጠት፦ ከየት ይጀመራል?

በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የመሬት ናዳ በደረሰ ጊዜ፣ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ብዙ ሰዎች ተከትሎ በመጣው ናዳ ራሳቸው ተቀብረዋል፤ የሟቾቹም ቁጥር ከ200 በላይ ሆኗል። በአገራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይጣላል፣ እድር ይጠራል፣ ጎረቤት ከሐዘንተኛው ጎን ተቀምጦ ይሰነብታል። አስከሬኑን ያወጣው የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ ቁስለኛውን ያነሣው የአምቡላንስ ባለሙያ ወይም የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ ግን ለቅሶ የሚደርሰው የለም፤ ስልኩ ሲጠራ ወደሚቀጥለው አደጋ ይሄዳል። የአቻ ድጋፍ ማለት ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ካለው ባልደረባው ጎን መቀመጡ ነው።

ለዚህ አገልግሎት የሚመረጠው በሥራው ላይ ያለ ወይም ሠርቶ የወጣ ሰው ነው። የሌሊት ፈረቃ ምን እንደሚመስል ማወቅ፣ የተቃጠለ ቤት ሽታ ከልብስ አልለቅ ማለቱን ማስታወስ፣ ከማንኛውም የምስክር ወረቀት በፊት በር ይከፍታል። ይሁን እንጂ ከመመዝገብዎ በፊት ራስዎን በሐቀኝነት ይመርምሩ። ያዩት ከባድ አደጋ አሁንም እንቅልፍ የሚነሣዎት ከሆነ ለጊዜው ተደጋፊ ይሁኑ እንጂ ደጋፊ አይሁኑ። የቅርብ አለቃም ለበታቹ አቻ ሊሆን አይችልም፤ ደረጃ ዕድገት የሚፈርም እጅ ባለበት ማንም የልቡን አይናገርም።

ምዝገባው ራሱ ቀላል ነው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በጎ ፈቃደኞችን የሚቀበለው በየአካባቢው ባሉት ቅርንጫፎቹ በኩል ሲሆን፣ በእሳት አደጋ ወይም በአምቡላንስ ጣቢያ የሚሠሩ ደግሞ ሐሳቡን ለጣቢያቸው ኃላፊ ማቅረብ ይችላሉ። ከባዱ ክፍል ከኃላፊዎቹ ጋር የሚደረገው ስምምነት ነው። ማን ከእርስዎ ጋር እንደተነጋገረና ምን እንዳለ ለአስተዳደሩ እንደማይነገር፣ ማስታወሻ እንደማይያዝ፣ ይህም የማይሠራው የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ብቻ እንደሆነ በጽሑፍ ይስፈር። ያለዚህ ስምምነት ሥራውን ባይጀምሩት ይሻላል፤ አንድ ምስጢር ከወጣ በኋላ በዚያ ጣቢያ ለዓመታት የሚያምንዎት አያገኙም።

ሥልጠናን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የሥነ ልቦናዊ የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሥራውን በሦስት ቃላት ይገልጸዋል፦ መመልከት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። እዚህ ላይ አንድ የቆየ ስሕተት መታወቅ አለበት። የቀድሞው እሳት አደጋ ሠራተኛና ፓራሜዲክ አሜሪካዊው ጄፍሪ ሚቼል እ.ኤ.አ. በ1983 ሠራተኞች ከአደጋ በኋላ በቡድን ተቀምጠው ስላዩት ነገር በቅደም ተከተል የሚነጋገሩበትን ዘዴ አቀረበ፤ ዘዴውም በብዙ አገሮች ተስፋፋ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን፣ በተለይ ለግለሰቦች በአንድ ጊዜ ስብሰባ ብቻ የሚሰጠው ዓይነት፣ ከአደጋ በኋላ የሚመጣውን የአእምሮ ሕመም እንደማይከላከልና አንዳንዶችን ሊጎዳ እንደሚችል አሳዩ። ስለዚህ «ያየኸውን ሁሉ ተናገር፣ ይወጣልሃል» ብሎ ማስገደድ፣ ምንም እንኳ በቅን ልቦና ቢሆን፣ የአቻ ሥራ አይደለም።

ታዲያ የመጀመሪያው ውይይት እንዴት ይሁን? ባልደረባዎ ከፈረቃ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ በልቶና ተኝቶ ይገናኙ፤ የራበውና ያልተኛ ሰው ሐሳቡን ሊሰበስብ አይችልም። ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛን ማዶና ማዶ ይዞ ከመቀመጥ ቡና እየጠጡ ወይም ጎን ለጎን እየሄዱ መነጋገር ይቀላል፤ ዓይን ለዓይን አለመተያየቱ ራሱ ያግዛል። «ከትናንቱ ሥራ በኋላ እንዴት አደርክ? እንቅልፍ ወሰደህ?» ብሎ መጀመር ይበቃል። በዕድሜ የሚበልጥዎትን በለመዱት አክብሮት «ጋሼ» ብለው ይጠይቁ፤ ድጋፍ ሰጪ ስለሆኑ ድምፅዎ የሐኪም ድምፅ አይሁን። ዝም ካለ አብረው ዝም ይበሉ። «ተመስገን በል፣ ከአንተ የባሰ አለ»፣ «ወንድ ልጅ አያለቅስም»፣ «እንዲህ ብታደርጉ ኖሮ» የሚሉትን ግን ይተዉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አፍ ይዘጋሉ፣ ሦስተኛው ጥፋተኛ ያደርጋል። «አይዞህ» መልካም ቃል ነው፤ ሆኖም ሰምተው ሳይጨርሱ ከተናገሩት «በቃህ» ማለት ይሆናል። የራስዎን ታሪክም ቢበዛ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይወስኑ፤ ሰዓቱ የእርሱ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መባነን፣ ቶሎ መቆጣት፣ አደጋው በሐሳብ መመላለሱ ብዙ ሰው ላይ የሚታይ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ መጠጥ ወይም ጫት ከወትሮው መጨመሩን፣ ከቤተሰብ መራቁን፣ ወደ አንድ ዓይነት ጥሪ ላለመሄድ ሰበብ መፈለጉን ያስተውሉ። በሁለተኛው ሳምንት ደግመው ይጠይቁት፤ ምልክቶቹ ወር ካለፋቸው ወይም ሥራና ቤት ከረበሹ ወደ ባለሙያ ያገናኙት። አዲስ አበባ ውስጥ «አማኑኤል» የሚለው ስም ራሱ ብዙዎችን ስለሚያስፈራ፣ በሌሎች አጠቃላይ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንዳለ መንገርና የመጀመሪያውን ቀን አብሮ መሄድ ከማንኛውም ምክር ይበልጣል።

«ሁሉም ነገር በቃኝ» የሚል ቃል ከሰሙ በቀጥታ፣ በተረጋጋ ድምፅ፣ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ አይተክልም፤ ብዙውን ጊዜ እፎይታ ይሰጣል። መልሱ አዎንታ ከሆነ ብቻውን አይተዉት፣ የጦር መሣሪያ ወይም መርዝ በአጠገቡ ካለ ከእጁ እንዲርቅ ያድርጉ፣ የሚያምነውን ሰው ጠርተው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ምስጢር ለመጠበቅ የገቡት ቃል የማይሠራው እዚህ ላይ ነው፤ ይህንንም ከጀርባው ሳይሆን ለራሱ ነግረው ያድርጉት።

በመጨረሻም የራስዎን ተራ ይገድቡ። ሁለት ወይም ሦስት ሆነው በሳምንት ይከፋፈሉ፣ ስልክዎ ክፍት የሚሆንበትን ሰዓት አስቀድመው ያስታውቁ፣ ስም ሳይጠሩ የሰሙትን የሚያካፍሉት አንድ ባለሙያ ይኑርዎት። እርስዎ ራስዎ የተሰማሩበት አደጋ ከሆነ ደግሞ የዚያን ቀን ባልደረቦች ለሌላ ጣቢያ አቻ ያስተላልፉ።