ከ1934 በፊት የተሠራን የሆሊውድ ድራማ እንዴት ማየት ይቻላል?

እ.ኤ.አ. በ1932 ዋርነር ብራዘርስ ያወጣው፣ መርቪን ለሮይ ያዘጋጀውና ፖል ሙኒ በመሪ ተዋናይነት የሠራበት «አይ አም ኤ ፊዩጂቲቭ ፍሮም ኤ ቼይን ጋንግ» የተባለው ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ የታላቁን የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ሲኒማ ማየት ለሚጀምር ሰው ከብዙዎቹ የተሻለ መግቢያ ይመስለኛል። ርዝመቱ ከአንድ ሰዓት ተኩል እምብዛም አያልፍም። ታሪኩ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ተመልሶ ሥራ ፍለጋ ከከተማ ከተማ ሲንከራተት፣ በሽጉጥ ተገዶ በገባበት ዘረፋ ተፈርዶበት በሰንሰለት ታስሮ ድንጋይ ሲፈልጥ የሚኖር ወታደር ታሪክ ነው።

በመጀመሪያ ቴሌቪዥኑን ማስተካከል ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን የምስሉ ስፋት ከቁመቱ የሚበልጠው በሲሶ ያህል ብቻ ስለነበረ፣ በዛሬው ሰፊ ስክሪን ግራና ቀኝ ጥቁር ቦታ መቅረቱ ትክክል ነው፤ ቦታውን ለመሙላት ምስሉን መለጠጥ ተዋንያኑን ያለ ቅጥ ያወፍራቸዋል፣ ማጉላት ደግሞ ከላይና ከታች ይቆርጣቸዋል። እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውን የቴሌቪዥኑን ቅንብርም ያጥፉት። ክፍሉ መጨለም አለበት፤ የፊልሙ መዝጊያ (ምን እንደሆነ እዚህ አልገልጽም) በጨለማ ውስጥ የሚከናወን በመሆኑ በመስኮት የሚገባ ብርሃን ዋናውን ነገር ይጋርዳል።

ቀጥሎ ሁለት ዘመኖችን ለይቶ መያዝ ይገባል። ታሪኩ የሚጀምረው ጦርነቱ እንዳበቃ ነው፤ ተመልካቹ ግን የ1932 ሰው ነበር። በዚያ ዓመት በሺዎች የሚቆጠሩ የቀድሞ ወታደሮች መንግሥት ቃል የገባላቸው ክፍያ ቶሎ እንዲሰጣቸው ለመጠየቅ ዋሽንግተን ውስጥ ሰፍረው ነበር፤ በሐምሌ ወር ሠራዊቱ ድንኳኖቻቸውን አቃጥሎ አባረራቸው፤ ፊልሙ ለሕዝብ የቀረበው በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። ስለዚህ ባለታሪኩ የጦር ሜዳ ሜዳሊያውን አስይዞ ገንዘብ ለመበደር ወደ አንድ ሱቅ የሚገባበት ትዕይንት ላይ ሲደርሱ ትኩረትዎን ይጨምሩ። ባለሱቁ ከዚያ በፊት የተቀበላቸውን በርካታ ሜዳሊያዎች ያሳየዋል። ትዕይንቱ አጭር ነው፤ ያለፈውን ክረምት የሚያስታውስ የዚያን ጊዜ ተመልካች ግን ከዚያ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም ነበር። እኔ እዚህ ላይ ፊልሙን አቁሞ ወደ ኋላ መመለስን እመክራለሁ።

ድምፁንም ማዳመጥ ተገቢ ነው። ድምፅ ወደ ሲኒማ ከገባ ገና ጥቂት ዓመታት ስለነበሩ ስሜት የሚቀሰቅስ አጃቢ ሙዚቃ ብዙ አይሰማም፤ ቦታውን የያዙት የመዶሻና የሰንሰለት ድምፆች ናቸው። የዓመታቱ መንጎድ የሚታየውም በቀን መቁጠሪያ ገጾችና በመዶሻ ምት ነው። በእስር ቤቱ ነጮችና ጥቁሮች ተለያይተው መያዛቸውን፣ ባለታሪኩንም የእግር ብረቱን ለማላላት የሚረዳው ጥቁር እስረኛ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ፊልሙ የተመሠረተው ከጆርጂያ ግዛት የእስረኞች ካምፕ ባመለጠው በሮበርት በርንስ የሕይወት ታሪክ ላይ ሲሆን፣ ፊልሙ ሲወጣ ሰውየው ገና ተፈላጊ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ግን የግዛቲቱ ስም አይጠራም፤ ጥንቃቄው ግልጽ ነው። ያም ሆኖ ጥፋቱን በአንድ ክፉ ጠባቂ ላይ ሳይጭን መንግሥትን ራሱን ቃሉን ያጠፈ አድርጎ ማሳየቱ ከሁሉም በላይ የሚደነቅ ድፍረቱ ነው።

ይህ ድፍረት ለምን ብዙ እንዳልቆየ ለመረዳት ቀኑ ይጠቅማል። ሕግ መዘባበቻ እንዳይሆንና ጥሰቱ ርኅራኄ እንዳያተርፍ የሚከለክለው የሆሊውድ ደንብ በ1930 ቢጸድቅም፣ በጥብቅ መተግበር የጀመረው ጆሴፍ ብሪን የሚመራው ጽሕፈት ቤት ከተቋቋመ በኋላ፣ ከሐምሌ 1934 ጀምሮ ነው። ስለሆነም ከዚያ ወዲህ የተሠራ አንድ የእስር ቤት ድራማ መርጠው በማግስቱ ይመልከቱና የሁለቱን የመጨረሻ ዐሥር ደቂቃዎች ያነጻጽሩ፤ ጥፋተኛ የተባለው ማን እንደሆነ፣ ዕዳውንም የከፈለው ማን እንደሆነ ይመዝግቡ።