ኦክስጅኑ ወረደ፣ ኤክስሬዩ ግን ያው ነው

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። አዳማ በዚያ ሰዓትም ሙቀቷ አይለቅም። በቫይረስ የሳንባ ምች ገብተው ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ 6ኛ ቀናቸውን የያዙ አንድ አባት ነበሩ። ማምሻውን 93 የነበረው ሳቹሬሽናቸው (የደማቸው ኦክስጅን በመቶኛ) 84 ገባ። ተረኛዋ ሲስተር ኦክስጅኑን 100 ላይ አደረገችው፤ 88 ደርሶ ቀጥ አለ። «ዶክተር፣ ምቹ ጠናባቸው መሰለኝ» አለችኝ። እኔም ያሰብኩት እሱኑ ነው። አንቲባዮቲክ ቀየርን። ጠዋት ብርድ ልብሱ ሲገለጥ የግራ ባታቸው ከቀኙ ይልቅ አብጦ አገኘነው።

ይህን የምጽፈው አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ውስጥ አዲስ ለምትገቡ ነርሶችና ሐኪሞች ነው። የሳንባ ደም መርጋት (ብዙ ጊዜ እግር ላይ የረጋ ደም ተነቅሎ የሳንባን ደም ስር ሲዘጋ) ከምቹ ጀርባ ይደበቃል። ቫይረሱ የደም ስሩን ግድግዳ ያቆስላል፣ ደሙም ቶሎ የሚረጋ ይሆናል፣ ታማሚው ደግሞ አይንቀሳቀስም። ብሽሽቱ ላይ ካቴተር (ደም ስር ውስጥ የገባ ቱቦ) ካለ ይብስበታል። የደረት ውጋት እያልን የተማርነውን ምልክት ቱቦ የገባለት ሰው አይነግራችሁም።

ችግር፦ ሳቹሬሽን በድንገት ወረደ

መጀመሪያ ተራውን ነገር ጨርሱ። ቱቦው ከቦታው ወጥቷል? በአክታ ተደፍኗል? ሲሊንደሩ አልቋል? (አትሳቁ፤ ስንቴ አልቆ አግኝተነዋል።) ደረቱን በሁለቱም በኩል አዳምጡ። በአንድ ወገን ድምፅ ከጠፋ አየር አምልጦ ሳንባውን ጨፍልቆት ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ቬንቲሌተሩን እዩ። ፒክ ፕሬዠር (አየሩ ሲገባ የሚደርስበት ከፍተኛው ግፊት) ጨምሮ ፕላቶው (አየሩ ገብቶ ለአፍታ ሲቆም ያለው ግፊት) ካልተነካ ችግሩ ቱቦው ወይም የአየር መንገዱ ላይ ነው። ሁለቱም ከጨመሩ ሳንባው ራሱ ጠጥሯል፦ ምቹ ጠንቷል፣ ውሃ ይዟል፣ ወይም አየር አምልጧል። ሁለቱም እንደነበሩ ሆነው ኦክስጅኑ ብቻ ከወረደ ግን ጠርጥሩ። አየሩ እየገባ ነው፤ ያልደረሰው ደሙ ነው። ካፕኖግራፍ (የትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ) ካላችሁ በትንፋሽ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀንስ፣ በደም ምርመራ ደግሞ ደም ውስጥ ያለው ሲጨምር ታያላችሁ።

ኤክስሬይ አንሱና ከትናንቱ ጋር አስተያዩ። የእኚያ አባት ኤክስሬይ ከትናንቱ ምንም አልተለየም ነበር። ያን ሌሊት አይቼዋለሁ፤ አልገረመኝም። ሊገርመኝ ይገባ ነበር።

ችግር፦ ዲ-ዳይመር ሰማይ ነካ

ዲ-ዳይመር የረጋ ደም ሲሟሟ የሚተወውን ቅሪት የሚለካ የደም ምርመራ ነው። ብዙ ጊዜ ያናረው ምቹ ራሱ ነው። ከባድ የሳንባ ምች ብቻውን ከተለመደው የ500 ወሰን ብዙ እጥፍ ያወጣዋል። ከትናንቱ ድንገት ከዘለለ እግር ለማየት ምክንያት ይሁናችሁ፤ በሱ ብቻ ግን ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) በሙሉ መጠን አይጀመርም። ዌልስ ስኮርም (ርጋት የመኖሩን ዕድል የሚገምት የነጥብ መለኪያ) እዚህ ብዙ አያራምድም። የልብ ምት ከ100 በላይ፣ አልጋ ላይ መዋል ይላል። አይሲዩ ውስጥ ይህ የሌለበት ማን አለ?

ችግር፦ ግፊት ወረደ፣ ልብ 130 ይመታል

ኢንፌክሽኑም፣ ማደንዘዣውም እንዲህ ያደርጋል። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) አድርጉ። የቀኙ ልብ አብጦ ግራውን ከተጫነ ርጋት ይጠረጠራል። የጠጠረ ሳንባና የቬንቲሌተር ግፊትም ቀኙን ልብ ስለሚያሳብጡ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አንድ ነገር ግን አትሳሳቱ፦ ያበጠ ልብ ላይ ጉሉኮስ በሊትር አትልቀቁ። ኖርአድሬናሊን (የደም ግፊት የሚያነሳ መድኃኒት) ይሻላል።

እግሩን እዩ

እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው፤ 10 ደቂቃ አይፈጅም፣ ታማሚው ከአልጋው አይነሳም። አልትራሳውንዱን አምጡ፤ ጄል ብሽሽት ላይ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ጥቁር ክቦች ጎን ለጎን ይመጣሉ። የሚመታው ደም ቅዳ ነው። ጎኑ ያለውን ደም መልስ በፕሮቡ ቀጥ አድርጋችሁ ጫኑት። ጤነኛ ከሆነ እንደ ዓይን ይከደናል፤ ክቡ ይጠፋል። ካልተከደነ ርጋት አለ። የጉልበት ጀርባም ላይ ድገሙት፣ በሁለቱም እግር። የአንገት ካቴተር ካለ አንገቱንም።

እግር ላይ ርጋት ተገኝቶ ኦክስጅኑም ከወረደ ሕክምናው ይጀመር፤ ሲቲ ይጠብቃል። እግሩ ንጹሕ ሆነ ማለት ግን ነፃ ነው ማለት አይደለም። ርጋቱ ተነቅሎ ሄዶ ይሆናል፤ ወይም እዚያው ሳንባ ውስጥ ተፈጥሮ ይሆናል።

ችግር፦ ሲቲ ተነስቶ መልስ አልሰጠም

ወረቀቱን እዩ። «ቼስት ሲቲ» ብቻ ብላችሁ ከላካችሁ ያለ ኮንትራስት (ደም ስሩን የሚያጎላ ፈሳሽ) ሊነሳ ይችላል፤ ያ ደግሞ ርጋት አያሳይም። «ሲቲ ፐልሞናሪ አንጂዮግራፊ» ብላችሁ ጻፉ። ካኑላውንም (ደም ስር ውስጥ የሚገባውን የመርፌ ቱቦ) እዩ። እጅ ጀርባ ላይ ባለ ቀጭን ሰማያዊ ካኑላ ኮንትራስቱ በሚፈለገው ፍጥነት አይገባም። ክርን ላይ ወፈር ያለውን አረንጓዴ አድርጉ። ኩላሊቱ ከደከመ ከራዲዮሎጂው ጋር ተነጋገሩ።

ከግቢ ውጭ የምትሄዱ ከሆነ ሂሳቡን አልጋው አጠገብ ሥሩ። ባለ 10 ሊትር ሲሊንደር 150 ባር ካሳየ 1,500 ሊትር አለው፤ በደቂቃ 15 ሊትር ከሄደ 100 ደቂቃ ነው። 50 ባር ካሳየ 33 ደቂቃ። የባጃጁንም ግርግር ደምሩበት።

ሕክምናው

ደም የሚፈስበት ቦታ ከሌለ ሄፓሪን በኪሎ 80 ዩኒት በአንዴ፣ ከዚያ በሰዓት በኪሎ 18 ዩኒት፣ በኤፒቲቲ (ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ በሚለካ ምርመራ) እየታየ። ኩላሊቱ ደህና ከሆነ ኢኖክሳፓሪን በኪሎ 1 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ ይሆናል። ርጋት የሚያሟሟው መድኃኒት ግፊቱ ለወደቀ ነው፤ ከሲኒየር ጋር ሳይመከር አይነካም። ጥርጣሬ ሳይኖር ለሁሉም ሙሉ መጠን መስጠትም አያዋጣም። በ2021 የታተሙ ትልልቅ ሙከራዎች በኮቪድ በጠና ለታመሙ እንዳልጠቀመ አሳይተዋል።

የእኚያ አባት ደም መልስ አልተከደነም። ሄፓሪን ተጀመረ፤ በ4ኛው ቀን ኦክስጅኑን 50 ላይ አወረድነው። በኋላ ካርዳቸውን ስገልጥ በ3ኛውና በ4ኛው የአልጋ ቀን የመከላከያው 5,000 ዩኒት ሄፓሪን የሚመዘገብበት ሳጥን ባዶ ነበር። አልተሰጠም፤ ለምን እንዳልተሰጠም አልተጻፈም። አሁን ጠዋት ራውንድ ላይ ከሳቹሬሽን በፊት «ሄፓሪን ትናንት ስንቴ ተወጉ?» እላለሁ። ሲስተሮቹ ገና በር ላይ ሲያዩኝ «ሁለቴ፣ ዶክተር» ይሉኛል።