አማርኛው ???? ሲሆን ወይም ሲዘበራረቅ (ማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ላይ) ችግርና መፍትሄ

ፔጁ ላይ ሜታ ቻርሴት (ብራውዘሩ ጽሁፉን በምን ኢንኮዲንግ እንደሚያነብ የሚነግረው መስመር) መኖሩን፣ ፋይሉም ዩቲኤፍ-8 (አማርኛን ጨምሮ የሁሉንም ቋንቋ ፊደል የሚይዝ ኢንኮዲንግ) ሆኖ ሴቭ መደረጉን ያላየ መጀመሪያ እሱን አይቶ ይምጣ።

ሁሉም ነገር ???? ሆኗል፦ ከመደንገጣችሁ በፊት ኮለሙን በሄክስ ፈንክሽን (የተቀመጠውን ባይት እንዳለ የሚያሳየው) እዩት። 3ኤፍ 3ኤፍ (የ? ባይት) እያለ ከሄደ ጽሁፉ የለም፣ በቃ። ኮለሙ ላቲን1 (የምዕራብ አውሮፓ ፊደል ብቻ የሚይዝ ኢንኮዲንግ) ነበር፣ ስትሪክት ሞድ (የማይሆን ዳታ እንዳይገባ የሚከለክለው ሴቲንግ) ደግሞ ጠፍቷል፣ ስለዚ ያልቻለውን ፊደል በ? ተክቶ ዝም ብሎ አስገባው። ስትሪክት ሞድ ቢበራ ኖሮ ኤረር 1366 ብሎ ይጮህ ነበር፣ ግን ኤረሩ ሰለቸኝ ብሎ የሚያጠፋው ሰው ብዛቱ! የአንድ እድር የአባላት ስም እንዲህ ሆኖብኝ ባክአፕ ስላልነበረ ከወረቀት መዝገቡ እንደ አዲስ አስተይበናል፣ ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። ሄክሱ ላይ ኢ1 (የአማርኛ ፊደል የመጀመሪያ ባይት) ካያችሁ ግን ዳታው ደህና ነው፣ ኮኔክሽኑን ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (የማይኤስኪውኤል ሙሉው፣ ባለ 4 ባይቱ ዩቲኤፍ-8) አድርጉት።

ዝብርቅርቅ ላቲን፦ ሁሌ የሚመጣብኝ ይሄ ነው። አንዱ ፊደል ሦስት ቁምፊ ይሆናል፣ የመጀመሪያዋ ሁሌም አናቷ ላይ ጭረት ያላት የላቲን ኤ ናት። የኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ነው፣ «ሰ» ለምሳሌ ኢ1 88 ቢ0፣ ላቲን1 ደግሞ ያቺን ኢ1 እንደዛ ነው የሚያነባት። ታሪኩም አንድ አይነት ነው፦ የድሮ ፒኤችፒ፣ ቴብሉ ላቲን1፣ ኮኔክሽኑም ላቲን1፣ ሁለቱም ተሳስተው ስለተስማሙ አማርኛው ለአመታት ቆንጆ ሆኖ ይታያል። ከዛ ሆስቲንግ ይቀየርና ኮኔክሽኑ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ሲሆን ጉዱ ይወጣል። ባለቤቱ ደውሎ «ሳይቱ ሃክ ተደረገ» ይላችኋል።

እዚህ ጋ ኦልተር ቴብል ኮንቨርት ቱ (የቴብሉን ጽሁፍ ወደ ሌላ ኢንኮዲንግ የሚተረጉመው ትእዛዝ) እንዳትሉ!! ዝብርቅርቁን እንዳለ ዩቲኤፍ አድርጎ ያትምባችኋል። ባክአፕ ውሰዱ፣ ኮለሙን መጀመሪያ ወደ ብሎብ (ኢንኮዲንግ የሌለው ጥሬ ባይት)፣ ከዛ ከብሎብ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ቀይሩት፣ ባይቱ ሳይነካ የኢንኮዲንጉ ስም ብቻ ይቀየራል። ኮለሙን በሞዲፋይ ስትቀይሩ ኖት ነልና ዲፎልቱን ድጋሚ ጻፉ፣ ካልጻፋችሁ ይጠፋሉ።

ቀድሞ ኮንቨርት ቱ ያለ ጎበዝ ካለ (ሁሌም አለ) ሄክሱ በሲ3 ኤ1 ይጀምራል፣ ድርብ ሆኗል ማለት ነው። ጽሁፉን ወደ ላቲን1 ኮንቨርት፣ እሱን ወደ ባይነሪ ካስት፣ ከዛ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ኮንቨርት የሚያደርግ አፕዴት ይፈታዋል። አንዴ ብቻ! በኋላ በትክክል የገቡትን ረድፎች በአይዲ ለዩ፣ ደህናውን አማርኛ ላቲን1 ስትሉት ???? ይሆንና ወደ ላይኛው በሽታ ትመለሳላችሁ። እኔ አንዴ ዌሩን (ረድፎቹን የሚለየውን ክፍል) ረስቼ ያሳለፍኩትን ለሊት አልነግራችሁም።

ኢሞጂ ላይ ጽሁፉ ይቆረጣል፦ የማይኤስኪውኤል «ዩቲኤፍ8» ባለ 3 ባይት ነው፣ አማርኛ ይበቃዋል፣ ኢሞጂ 4 ይፈልጋል፣ ስለዚ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 አድርጉት።

ኤረር 1267፦ ጆይን የተደረጉት ኮለሞች ኮሌሽናቸው (ፊደል የሚወዳደርበት ደንብ) ይለያያል፣ ለምሳሌ አንዱ ጀነራል ሌላው ዩኒኮድ። አንድ አድርጓቸው።

ኤረር 1273፦ ከማይኤስኪውኤል 8.0 የወጣ ደምፕ (የዳታቤዙ ቅጂ ፋይል) 5.7 ላይ ሲገባ 0900 የሚለውን ኮሌሽን አያውቀውም፣ ፋይሉ ውስጥ በዩኒኮድ ሲአይ ተኩት። በኖትፓድ አይደለም፣ በሴድ (በኮማንድ ላይን ጽሁፍ የሚተካ ፕሮግራም)።

«ፀሐይ» ብሎ ሲፈለግ «ጸሀይ» አይመጣም፦ ኮሌሽን እየቀያየራችሁ አትድከሙ፣ አንዱም ሀን ከሐ፣ ጸን ከፀ አንድ አያደርግም። ሞክሼዎቹን አንድ ያደረጋችሁበት ሌላ ኮለም ጨምሩና ፍለጋውን እዛ ላይ አድርጉ።