ጥቁሩ ባቡርና ነጩ እንፋሎት በአንድ ፎቶ ላይ እንዴት እንደተስማሙልኝ

የድሮ የእንፋሎት ባቡር ፎቶ ስታነሱ ወይ እንፋሎቱ ነጭ ብቻ ይሆንና ቅርፁ ይጠፋል ወይ ደግሞ ሎኮሞቲቩ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል፣ በጣም ሲያበሳጨኝ የኖረ ነገር ነው። ምክንያቱ ካሜራው አውቶ ላይ ሲሆን ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ስለሚፈልግ ነው፣ ጥቁሩ ብረት ፍሬሙን ሲሞላው ብርሃን ይጨምርና እንፋሎቱን ያቃጥለዋል፣ ማለትም ዝርዝሩ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆናል።

አሁን ባቡሩ ሳይደርስ ካሜራውን ማንዋል ላይ (ብርሃኑን ራሴ የምወስንበት ላይ) አደርግና ብርሃኑን ነጭ ደመና ላይ ለክቼ ከዛ 1 ስቶፕ ተኩል አካባቢ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው) ከፍ አድርጌ እቆልፈዋለሁ፣ በቃ ባቡሩ ሲመጣ አልነካካውም። የማነሳው በራው (RAW፣ ካሜራው የያዘውን መረጃ ሳያቀናብር የሚያስቀምጥበት የፋይል ዓይነት) ነው፣ ምክንያቱም የጨለመውን በኋላ ኤዲት ላይ ማውጣት ይቻላል፣ የተቃጠለ ነጭ ግን ወፍ የለም አይመለስም። ባቡሩ ፊት ለፊት ሲመጣ የሹተር ፍጥነቱ (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) 1/500 ሰከንድ ቢሆን ይበቃል፣ ጎማዎቹ ሲሽከረከሩ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ግን ባቡሩ ሳይደርስ 1/60 አካባቢ አውርዱትና ብርሃኑን እንደገና ለክታችሁ ቆልፉት፣ ሲመጣ ካሜራውን ከባቡሩ ጋር እኩል አዙሩት፣ ይሄ ልምምድ ይፈልጋል ግን ሲሳካ እንዴት ደስ እንደሚል!

ከተሳፈራችሁ የኋላ ፉርጎ ምረጡ፣ ሀዲዱ ሲታጠፍ በውስጠኛው ጎን መስኮት ሎኮሞቲቩ ይታያችኋል፣ ጭንቅላታችሁንም ካሜራውንም ግን ወደ ውጪ እንዳታወጡ በጣም አደገኛ ነው። የከሰል ብናኝ ሌንስ ላይ ካረፈ በጨርቅ አትሹት ይጭረዋል፣ መጀመሪያ በአየር መንፊያ አራግፉት። ከቻላችሁ ደግሞ ብርድ ባለበት ጠዋት ውጡ፣ እንፋሎቱ ቀዝቃዛ አየር ሲያገኘው ነው ወፍራም ነጭ ሆኖ የሚቆየው፣ ሙቀት ላይ ቶሎ ይበተናል።